ራዲዮ የራሱን ጉድ ሲያወራ
(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የማወራችሁ ስለ ዘፈን ነው። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ዘፈን?» የሚል አይጠፋም። ታገሡኝ፤ ነገሩ ዘፈን ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1969 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ሁለት የመንግሥት ያልሆኑ ራዲዮ ጣቢያዎች እልህ ተጋቡ። ኬ አር ኤል ኤ፣ ጆን ጊሊላንድ ያዘጋጀውን «ፖፕ ክሮኒክልስ» የተባለ ተከታታይ ፕሮግራም ጀመረ። ተቀናቃኙ ኬ ኤች ጄ ደግሞ በዚያው ወር የሮክ ኤንድ ሮልን ታሪክ በ48 ሰዓት ፕሮግራም ለቀቀው። ሁለት ሙሉ ቀን እኮ ነው! ማንም አላዘዛቸውም። አንዱ ሌላውን ልብለጥ ሲል አድማጩ ተጠቀመ።

ጊሊላንድ የሠራው ቀላል ይመስላል። ቴፑን ይዞ ወደ ባለቤቶቹ ሄደ። ዘፋኙን፣ የዘፈን ደራሲውን፣ ሸክላ አሳታሚውን እየቀረበ አናገረ፤ በዘፈኖቹ መሐል ድምፃቸውን አስገባ። እሱ በ1998 ሞተ። ቴፖቹ ግን ኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተቀምጠዋል።

ታዲያ የባለቤቱ ድምፅ ለምን ያስፈልጋል? ወረቀት ይዋሻላ! ቻክ ቤሪ በ1955 «ሜይቤሊን»ን ሲያወጣ፣ ደራሲ ተብለው ከተመዘገቡት አንዱ አለን ፍሪድ ነበር። ሰውዬው ስመ ጥር የራዲዮ አቅራቢ ነው እንጂ ዘፈኑን አልደረሰም። ስሙ የገባው ሸክላው በራዲዮ እንዲደጋገም ነው። በእኛ ቋንቋ ጉቦ ማለት ነው። ቤሪ ድርሰቱን ለብቻው ያስመለሰው በ1986፣ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። ፍሪድም በ1962 በሌላ የጉቦ ክስ ጥፋቱን አምኗል። እንግዲህ ራዲዮ የሙዚቃ ታሪክ ላውራ ካለ የራሱን ጉድ ዘልሎ የት ይደርሳል?

ሌላም አለ። በ1994 የአሜሪካ ሕዝብ ራዲዮ (ኤን ፒ አር) ከስሚዝሶኒያን ጋር ሆኖ ስለ ጥቁሮች መንፈሳዊ ዝማሬ 26 ክፍል ፕሮግራም አቀረበ። ያቀረበችው በርኒስ ጆንሰን ሬገን ናት። ይህች ሴት በ1961 ጆርጂያ ውስጥ ለመብት ሰልፍ ወጥታ ታስራ፣ ከኮሌጅም ተባርራ ነበር። የታሰረችው ራሷ ማይክ ይዛ፣ እስር ቤት ውስጥ ሲዘመር የነበረውን ለአገሩ ሁሉ ተረከች። የእስረኛን ታሪክ አሳሪው ሲያወራውና እስረኛው ሲያወራው ልዩነቱን እናንተ አታጡትም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በዚያው በ1969 አቶ ዐምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ሥራው በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበር ነገሩ ድፍረት ነበር። አቶ ዐምሃ በ2021 አረፉ። በዚያ ዘመን የተጫወቱ፣ ያቀናበሩ፣ ሸክላውን ሱቅ ውስጥ የሸጡ ሰዎች ግን ዛሬም በመሐላችን አሉ። ቴፕ ፍለጋ መንከራተት የለም፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይቀዳል። ራዲዮው እስኪመጣ ከመጠበቅ በዚህ ሳምንት አንዳቸውን ቤታቸው ሄደን ብንጠይቃቸውስ? እኔ የሁለቱን አድራሻ ይዣለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ያግኘኝ።