ኩፖን መሰብሰብ ያዋጣል ወይ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን የኪስና የጓዳ ጉዳይ ነው። በተለይ በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ቤተሰቦች ጉዳዩን በደንብ ታውቁታላችሁ። እህታችን ከገበያ ተመልሳ «ዛሬ በኩፖን ሠላሳ ዶላር አተረፍኩ» ትላለች። ወንድማችን ደረሰኙን ያይና «ሠላሳ ለማትረፍ መቶ ሃያ አውጥተሻል» ይላል። እሷ ድካሜ አልታየልኝም ብላ ታዝናለች፤ እሱ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። በአንዳንዱ ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኩፖን የሚያሳድደው አባወራው፣ ደረሰኝ የምትመረምረው እማወራዋ ናት። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ስለዚህ ከመነታረክ ይልቅ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

የሀገር ቤቱ ኩፖንና የአሜሪካው ኩፖን

ኩፖን የሚለው ቃል ለትልልቆቻችን እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ስኳርና ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ይታደል እንደነበር ያስታውሳሉ። ያ ኩፖን የመጣው ከእጥረት ነው። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት ከድርሻው በላይ እንዳይወስድ መገደቢያ ነበር።

የአሜሪካው ኩፖን ግን ተቃራኒው ነው። የመጣው ከትርፍ ምርት ነው፤ ዓላማውም ሰው አብዝቶ እንዲገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ የኮካ ኮላ ሻጮች አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድሉ ነበር። መጠጡን ማንም ስለማያውቀው መጀመሪያ ማስቀመስ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ብዙ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ያው ነው። ኩፖን ሊገዛ ያላሰበውን ሰው የሚጠራ ግብዣ ነው።

ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው በሀገር ቤቱ ልማድ «ኩፖኑ ሳያልፍብኝ» ብሎ ይሮጣል። የቀበሌው ኩፖን ካለፈ በእርግጥ ድርሻ ይቀራል። የአሜሪካው ኩፖን ቢያልፍ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ሳያስፈልግ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሰዎች ራሳቸው ይህን ያወቁ ይመስላል፤ ከሚሠራጩት ኩፖኖች ውስጥ ለግዢ የሚውሉት ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያም በታች ናቸው።

ደግሞም ኩፖን የመንግሥት ድጎማ ወይም ምጽዋት የሚመስላቸውና የሚያፍሩ አሉ። አይደለም። ሀብታሙም ድሃውም የሚጠቀምበት የዋጋ ቅናሽ ነው። የምግብ ድጎማ ካርድ ያላቸው ቤተሰቦችም እንደማንኛውም ሸማች በካርዳቸው ላይ ኩፖን ጨምረው መጠቀም ይችላሉ።

የኛ ዘንቢል ምን ይዟል?

የሳምንት ግዢያችንን እንመልከት። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ የጤፍ ዱቄት ወይም እንጀራ፣ ሐላል ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተትና ዘይት ነው። ኩፖን በብዛት የሚወጣው ግን ለምንድን ነው? ስም ላላቸው የታሸጉ ዕቃዎች ነው፤ ለቁርስ ሲሪያል፣ ለብስኩት፣ ለለስላሳ መጠጥ፣ ለቀዘቀዘ የተዘጋጀ ምግብ፣ ለልብስ ሳሙና፣ ለሻምፑ፣ ለጥርስ ሳሙናና ለዳይፐር። ሽንኩርትና ምስር በአብዛኛው የሚያስተዋውቃቸው ኩባንያ የላቸውም። ከሐላል ሥጋ ቤቱና ከሐበሻው ሱቅም የአምራች ኩፖን ይዞ መግዛት የተለመደ አይደለም።

እንግዲህ ከዘንቢላችን አብዛኛው ኩፖን አይነካውም ማለት ነው። ሽሮና ምስር የሚበላ ቤተሰብ ኩፖን ካልሰበሰብኩ ከሰርኩ ብሎ ሊጨነቅ አይገባውም። አስቀድሞም በርካሹ መንገድ ላይ ነው። የሚያሠጋው ሌላ ነው። ኩፖኑ አመጋገባችንን ቀስ በቀስ ወደ ጣፋጭና ወደ ታሸገ ምግብ ሲወስደው፣ ለልጆቻችንም ለኪሳችንም ጉዳት ነው።

ሐላል ሐራሙንም ኩፖን አይለይልንም። ማርሽማሎ ባለበት ሲሪያልና በአንዳንድ እርጎ ውስጥ ጄላቲን ይገኛል፤ በአንዳንድ የታሸገ ባቄላ ውስጥ ደግሞ የአሳማ ስብ ይገባል። አንድ ዶላር ለመቀነስ ስንል በጀርባው የተጻፈውን ሳናነብ ዕቃ ማንሳት የለብንም።

ሦስት ጥያቄዎች

ኩፖን ከመጠቀማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ኩፖኑ ባይኖር ይህን ዕቃ እገዛው ነበር ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ ሁለት ዶላር አላተረፍንም፤ የከፈልነውን ያህል አውጥተናል።

ሁለተኛ፣ ኩፖኑ ተቀንሶም ከሌላው ይረክሳል ወይ? ምሳሌ እንውሰድ። ታዋቂ ስም ያለው የልብስ ሳሙና 13 ዶላር ነው እንበል። የ3 ዶላር ኩፖን ሲቀነስ 10 ዶላር ይሆናል። ከጎኑ መደብሩ በራሱ ስም የሚሸጠው በልክም በጥራትም የሚመሳሰል ሳሙና ደግሞ 8 ዶላር ነው። ደረሰኙ «3 ዶላር ቆጥበዋል» ይላል፤ እውነቱ ግን 2 ዶላር ተጨማሪ መክፈላችን ነው። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ ከዋናው ዋጋ አጠገብ በትናንሽ ፊደል የሚጻፈውን የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ ኦውንስ ዋጋ ማንበብ እንልመድ። እሷ ትንሽ ቁጥር ከብዙ ኩፖን ትበልጣለች።

ሦስተኛ፣ ስንት ሰዓትና ስንት ነዳጅ ይፈጃል? አንድ ቤተሰብ ኩፖን ሲፈልግ፣ ሲያደራጅና ሦስት መደብር ሲዞር በሳምንት 4 ሰዓት አጥፍቶ 20 ዶላር አተረፈ እንበል። የ4 ዶላር ነዳጅ ሲቀነስ 16 ይቀራል፤ ለአንድ ሰዓት 4 ዶላር ደረሰው ማለት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከእሱም እጅግ ያነሰ ነው። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ ሁልጊዜ በሚሄድበት አንድ መደብር ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ይዞ፣ ግማሽ ሰዓት ተጠቅሞ 8 ዶላር አተረፈ። የእሱ ድካም በሰዓት 16 ዶላር ሆነለት፤ በዓመት ሲሰላ 416 ዶላር ነው።

ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የተቆጠበ ዶላር ደግሞ ቀረጥ የለበትም። በደመወዝ የሚሠራ ሰው ከሚያገኘው 100 ዶላር ገና ሌላው ግብር ሳይነካው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይቆረጥበታል።

እዚህ ላይ የእህቶቻችንን ሐቅ እናስታውስ። ሕፃናት ይዛ ቤት የምትውል እናት ያንን ግማሽ ሰዓት ለሌላ ሥራ ልትሸጠው አትችልም። እሷ ልጁን አስተኝታ የዳይፐር ኩፖን ብትፈልግ ለቤቷ ገቢ አስገባች ማለት ነው፤ ሊመሰገንላት ይገባል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ከእንቅልፉና ከልጆቹ ሰዓት ቆርሶ ሁለት ዶላር ቢያሳድድ ራሱን ይጎዳል።

አማና በኩፖን ውስጥ

የአምራች ኩፖን ስንሰጥ መደብሩ ለጊዜው ከራሱ ይቀንስልናል። ከዚያም ኩፖኖቹን ሰብስቦ ይልክና አምራቹ የኩፖኑን ዋጋ፣ ብዙውን ጊዜም ለማስተናገጃ 8 ሳንቲም ጨምሮ ይከፍለዋል። ቀኑ ያለፈበት ወይም ለሌላ ዕቃ የወጣ ኩፖን ከሆነ ግን አምራቹ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ኪሳራው በመደብሩ ላይ ይወድቃል።

ይህን የምናነሳው ለምክንያት ነው። ገንዘብ ተቀባይ ሆነው የሚሠሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ሐበሻ ስናይ «እህቴ፣ ቀኑ ትንሽ አልፎበታል፣ እባክሽ እለፊልኝ» እንላለን። በዚያች ሰዓት የምንጠይቃት ውለታ ሳይሆን አማናዋን እንድታጎድል ነው። ለአንድ ዶላር ስንል እንጀራዋን አደጋ ላይ እንጥላለን። እሷም በይሉኝታ ትጨነቃለች። ኩፖን ላይ የተጻፈው ቀን፣ ልክና ብዛት ውል ነው፤ ሙስሊም ደግሞ ውሉን ያከብራል።

ኩፖን ማባዛትና አስመስሎ መሥራትማ ግልጽ ስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ በቨርጂኒያ አንዲት ሴት ሐሰተኛ ኩፖን በኮምፒውተር እየሠራች በማሠራጨቷ የ12 ዓመት እስር ተፈርዶባታል። ያደረሰችው ኪሳራ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የገዙላት ሰዎች ብዙዎቹ «ቅናሽ ነው» ብለው ራሳቸውን ያሳምኑ ይሆናል። ስለዚህ በስልክ ቡድኖች ውስጥ በሽያጭ የሚቀርብልንን፣ ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚስተካከል ኩፖን እንጠርጥር።

ማከማቸትም ሌላው ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ኤክስትሪም ኩፖኒንግ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ምድር ቤታቸውን በሳሙናና በሶስ የሞሉ ሰዎችን ያሳይ ነበር። መደርደሪያውን ጠርገን ስንወስድ ከኋላችን የሚመጣው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያከማቸነውም ቀኑ አልፎበት ይጣላል። በርካሽ ስለገዛነው ማባከን አይፈቀድልንም።

አረጋውያን ጎረቤቶቻችን

ዛሬ ብዙው ኩፖን ከጋዜጣ ወደ ስልክ ሄዷል። መደርደሪያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቅናሽ አንዳንዴ የሚሠራው አስቀድሞ በመደብሩ መተግበሪያ ኩፖኑን ለመረጠ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ ስማርት ስልክ የማይችሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ትልቁን ቁጥር አይተው ያነሳሉ፤ ሲከፍሉ ግን ሙሉውን ይጠየቃሉ። ብዙዎቹም ሳያውቁት ከፍለው ይሄዳሉ። ያላቸው ገቢ ደግሞ ጥቂት ነው። ወጣቶች ሆይ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ አዛውንት አሥር ደቂቃ ሰጥታችሁ የሚያስፈልጋቸውን ኩፖን ብትመርጡላቸው፣ ኢንሻአላህ ትልቅ አጅር ነው። ለእናንተ አንድ ዶላር ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ ለእሳቸው ግን የወተት ነው።

ያተረፍነው የት ገባ?

ለማጠቃለል ያህል፣ ኩፖን ያዋጣል ወይ ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። በሁልጊዜው መደብራችን፣ የግድ ለምንገዛቸው ጥቂት ዕቃዎች፣ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ያዋጣል። ዳይፐር፣ የልብስ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልፎ አልፎም ዘይት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ዝርዝራችንን እንጻፍ፣ ከዚያ ኩፖን እንፈልግ፤ ኩፖን አይተን ዝርዝር አንጻፍ። ከዚህ ካለፈ ድካሙ ይበዛል፣ ወጪውም ይጨምራል።

አንድ ነገር እንጨምር። በደረሰኝ ላይ የተጻፈ ቁጠባ ገና ቁጠባ አይደለም። ኪሳችን ውስጥ ከቀረ በሌላ ቀን ለሌላ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተማክራችሁ በየሳምንቱ በእርግጥ ያተረፋችሁትን በኤንቨሎፕ ለዩት። በዓመቱ መጨረሻ ሀገር ቤት ላለች እናት የሚላክ፣ ለልጆች ትምህርት የሚቀመጥ፣ ወይም በረመዳን ለሶደቃ የሚወጣ ገንዘብ ይሆናል። ኤንቨሎፑ ባዶ ከሆነም ጥሩ ነው፤ ድካሙ እንዳላዋጣ ሳትጨቃጨቁ ታውቃላችሁ።

አላህ በሪዝቃችን ላይ በረካ ያድርግልን፤ ከማባከንም ከመሰሰትም ይጠብቀን።