ይህ ጎጆ ነው ወይስ መስጂድ?

  

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ወጣት ንድፍ ነው። አሰላ ውስጥ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ያስቆጠርነው፣ በኋላም ኪነ ሕንፃ ሊማር ከቤቱ የወጣ ልጅ ነው። የመመረቂያ ሥራው ለአሰላ መስጂድና መድረሳ መንደፍ ነበር። በረመዳን አንድ ምሽት፣ ከተራዊሕ በኋላ፣ የተጠቀለለ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ እቤታችን መጣ። ወረቀቱ ሲዘረጋ አራት ረጃጅም ሚናራዎች፣ አንድ ትልቅ ቁባና ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነ ግድግዳ አየን። «ማሻአላህ» አልን። እርሱ ግን አንገቱን ደፍቷል። ለካ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት «ይህ የየት አገር ሕንፃ ነው? አንተስ እዚህ ውስጥ የት አለህ?» ብሎት አሳፍሮት ኖሯል። «ኡስታዝ፣ እኔ ሙስሊም መሆኔን ያሳየሁ መስሎኝ ነበር» አለን።

ይህች ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስታስጨንቀን አደረች። ምክንያቱም ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። የመስጂድ ሥዕል ሳል ሲባል ቁባና ሚናራ እንዲስል ያስተማርነው እኛው ነን። በየቤታችን የምንሰቅለው የቀን መቁጠሪያም ሌላ አያሳይም።

እስቲ ወደ መዲና እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከባልደረቦቻቸው ጋር የገነቡት መስጂድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ዓምዱ የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ያፈስ ስለነበር በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ ያደረጉበት ሌሊት በሐዲስ ተዘግቧል። ቁባ አልነበረውም፤ ሚናራም አልነበረውም። ዛሬ የምናውቀው ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሚሕራብ የገባበት በኸሊፋ አል-ወሊድ ዘመን፣ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ የመዲና ገዥ ሳሉ መስጂዱን እንደገና ሲያሠሩ ነው። የቁድሱ ታላቅ ቁባ የተጠናቀቀው በ72 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ691 ወይም በ692 ነው። ከዚያ በኋላ ኢስላም የገባበት ሕዝብ ሁሉ በራሱ እጅ ሠራ። የቻይና ሙስሊሞች በሺያን ከተማ ያለውን ታላቅ መስጂዳቸውን የሸፈኑት በአገራቸው ጣሪያ ነው። የማሊ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1907 የጄኔን መስጂድ ዳግም ሲያቆሙ በጭቃ ሠሩት፤ እስከ ዛሬም ሕዝቡ በጋራ እየወጣ ይመርገዋል። የኛኑም ብናይ፣ በባሌ የድሬ ሼኽ ሑሴን ግንበኞች ድንጋዩን በኖራ አንጽተው ለአገሩ የሚስማማ ነገር ትተዋል። (የዚያራውን ጉዳይ ለሌላ ቀን እናቆየውና የግንበኞቹን እጅ ብቻ እንይ።) ሐረሮችም ቤታቸውን ከግቢው እስከ መደቡ ድረስ በራሳቸው ሥርዓት ነው የሚያሰናዱት።

ይህን ነግረን ልጁን ሸኘነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ንድፍ ይዞ ተመለሰ። አሁን ደግሞ አያቱን ቤት ስሎ መጣ! በቦቆጂ መንገድ ገጠር ያለው የአያቱ ቤት፣ ክብ፣ ጣሪያው ቁልቁል የወረደ፣ መሐሉ ላይ ኡቱባ የቆመበት። በልጅነቱ ያንን ምሰሶ ተደግፎ ነው ቁርኣን የቀራው። ልባችን ተነካ። ነገር ግን አሚን ብለን አልተቀበልነውም፤ ልጁን መውደድና ንድፉን መውደድ ሁለት ነገር ነው። ክብ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሰፍ ከሁሉ አጭር ይሆናል፤ ብልጫ ያለው ግን የመጀመሪያው ሰፍ ነው። መሐል ያለው ምሰሶም ሰፉን ይቆርጠዋል፤ ቦታ ካልጠበበ በቀር በዓምዶች መካከል መሰለፍን በርካታ ዑለማዎች ጠልተውታል። «የአያትህን ቤት አምጣ፣ ሰፉን ግን አትስበር» አልነው።

ሦስተኛው ንድፍ ነው የልጁ። ከአሰላ ሲታይ መካ በስተ ሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ታዘነብላለች። ስለዚህ አዳራሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በረጅሙ ዘረጋው፤ የመጀመሪያው ሰፍ ሰፊ ሆነ። የቂብላው ግድግዳ ድፍን ነው። መስኮቶቹን ሁሉ በደቡብ፣ በሰጋጁ ጀርባ አደረጋቸው። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በኛ አገር ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ የታኅሣሥን ብርድ ለሚያውቅ አሰላዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጣሪያው እንደ አያቱ ቤት ቁልቁል የወረደ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ኮርኒስ አለ፤ በክረምት ጁሙዓ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኹጥባችን የማይሰማበትን ችግር ልጁ ከኋላው ሰፍ ተቀምጦ ያውቀዋል። ኡቱባውን ከአዳራሹ አውጥቶ በረንዳው ላይ አቆመው፤ ሕፃናቱ እየተደገፉ የሚቀሩበት። ለእህቶች የራሳቸው በርና የራሳቸው የዉዱእ ቦታ አለ። ይህን የጨመረው እናቱ ስለነገረችው ነው፤ እኛ አላሰብነውም ነበር።

ንድፉን ለኮሚቴው አሳየን። አንድ የምናከብራቸው አዛውንት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይህ ጎጆ ነው ወይስ መስጂድ? ሌላው ከተማ ቁባ ሲያቆም እኛ ወደ ሣር ቤት እንመለስ?» አሉ። ቁጣቸውን እንረዳለን። ሙስሊሙ በጭቃ ቤት ተሸሽጎ የሚሰግድበትን ዘመን ያዩ ሰው ናቸው፤ ከሩቅ የሚታይ ሚናራ ለእርሳቸው የክብር ምስክር ነው። ይህን የሚንቅ ወጣት ተሳስቷል።

ቢሆንም የፍራንሲስ ኬሬን ታሪክ ነገርናቸው። የቡርኪና ፋሶ ተወላጅ ነው። በርሊን ተማሪ ሳለ ለመንደሩ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ነደፈ። የመንደሩ ሰዎች ሸክላ አፈር ዝናብ አይችልም ብለው ተጠራጥረው ነበር። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፣ በ2004 የአጋ ኻን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ራሱ ኬሬ ደግሞ በ2022 በዓለም ታላቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበለ። አዛውንቱ አዳምጠው «የኛው ልጅ ሚናራ ይጨምርና እናያለን» አሉ። ልጁም አንድ ሚናራ ጨመረ፤ ከአዛን ድምፅ በላይ ያላስረዘመው።

የልጁ አባት አናጢ ነው። ንድፉን ካየ በኋላ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና ጣቱን በጣሪያው ጠርዝ ላይ አድርጎ «ይህ ሁሉ ውሃ የት ይወርዳል?» አለ። ልጁ አሸንዳውን ረስቶታል። ባለፈው ሳምንት ስናልፍ ሁለቱም በረንዳቸው ላይ ተጎንብሰው አሸንዳ ይስሉ ነበር።