ካሜራው ይዋሽ፤ አሠሪው ግን አይዋሽ!

(ስለ ቴሌቪዥን ድራማና ስለ ወረርሽኝ በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



«ተከታታይ ድራማ ሥራ ፈት ማዘናጊያ ነው» እያለ አፍንጫውን የሚነፋ ምሁር ሞልቷል፡፡ ይንፋ! እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለተናቀው ድራማ ነው፡፡ ኮሮና ዓለምን ቤቷ በቆለፈባት በ2012 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2020) «ሠራተኛን ለሞት ሳይዳርጉ ሥራን ማስቀጠል ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ የእነዚህ ድራማዎች ስቱዲዮ ነበርና፡፡

ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡ ፈረንጆች «ሶፕ ኦፔራ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ የሳሙና ፋብሪካዎች በማስታወቂያ ገንዘባቸው ይደጉሙት ከነበረው የሬዲዮ ድራማ የተወረሰ ስም ነው፡፡ ፊልም አንዴ ተሠርቶ ያልቃል፡፡ ሶፕ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ሁልጊዜ ይጋገራል፡፡ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ሌማቱ ባዶ ነው፡፡ ደግሞስ የሚሸጠው ምኑን ነው? ማቀፍ፣ መሳም፣ ጥፊ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ... ወረርሽኙ የከለከለው ሁሉ እኮ የሶፕ ቀለብ ነው!

ታዲያ ምን አደረጉ?

እንግሊዝን እንውሰድ፡፡ የቢቢሲው «ኢስትኤንደርስ» መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀረጻ አቆመ፡፡ በእጁ ያለውን እየቆጠበ በሳምንት ሁለት ክፍል ብቻ ቢያሳይም ሰኔ 9 ላይ አለቀበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአየር ወረደ፡፡ ጳጉሜ 2 ሲመለስ የ30 ደቂቃው ክፍል ወደ 20 ደቂቃ ግድም አጥሯል፡፡ ተዋንያኑ በ2 ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ፤ ካሜራው ግን ከጎን ይዞ የተጠጋጉ ያስመስላቸዋል፡፡ አንዳንዴም በመካከላቸው እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ ይቆምና በኋላ በቅንብር ከምስሉ ይጠፋል፡፡ መሳሳም የግድ ሲሆንስ? የተዋናዩ የራሱ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ተጠርቶ፣ ፊቱ ሳይታይ በሌላው ተዋናይ ቦታ ይገባል፡፡

«ኮሮኔሽን ስትሪት» ደግሞ በሳምንት ከ6 ክፍል ወደ 3 ዝቅ አለ፡፡ ሰኔ 2 ቀረጻ ሲቀጥል ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆነ ተዋንያን ለጊዜው ቤታቸው እንዲቆዩ ተደረገ፡፡ «ኤመርዴል» በበኩሉ ግንቦት 12 ሥራ ሲጀምር ጥቂት ሰዎች ብቻ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ልዩ ክፍሎች አዘጋጀ፡፡ ግርግሩ ቀረ፤ ጨዋታው በረታ፡፡ ችግር ብልሃት ወለደ ማለት ይሄ ነው፡፡

ከእነዚህ ሁሉ የቀደመው የአውስትራሊያው «ኔበርስ» ነው፡፡ ገና በሚያዝያ ወር ወደ ሥራ ተመለሰ፡፡ ስቱዲዮውን በክልል ከፍሎ ሠራተኛውን በቡድን ደለደለው፤ ቡድን ከቡድን አይቀላቀልም፤ በሰውና በሰው መካከል 1.5 ሜትር ይኖራል፡፡ አንድ ሰው ቢታመም የእሱ ቡድን ብቻ ቤት ይገባል እንጂ ሥራው ሁሉ አይቆምም፡፡

በአሜሪካ ደግሞ «ዘ ቦልድ ኤንድ ዘ ቢዩቲፉል» ሰኔ 10 ሎስ አንጀለስ ላይ ቀረጻ ጀመረ፡፡ ገና በመጀመሪያው ቀን የምርመራው አሠራር እንዳላዋጣ ሲታይ «ኧረ ቆይ!» ተብሎ ቆመ፤ ተስተካክሎ ቀጠለ፡፡ ለፍቅር ትዕይንቱ የተዋንያኑን ባሎችና ሚስቶች፣ እነሱ ካልተገኙም የሰው መጠን ያለው አሻንጉሊት ተጠቀሙ፡፡ ምን አለፋችሁ! ይኸው አሻንጉሊት ቆይቶ ራሱ ታሪክ ወለደ፤ በድራማው ውስጥ ቶማስ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚወዳትን ሴት በሚመስል አሻንጉሊት ልቡ ሲሰወር ታየ፡፡

«ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» ግን የጎተራን ጥቅም አሳየን፡፡ ከወራት በፊት ቀድሞ የመቅረጽ ልማድ ስለነበረው፣ ሌሎቹ ድሮ ያሳዩትን እየደገሙ ሲያሳዩ እሱ አዲስ ክፍል ማቅረቡን ቀጠለ፡፡

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፡፡

ይሄ ሁሉ ውሸት ነው፡፡ ያልተሳሳሙት የተሳሳሙ መሰሉ፣ የተራራቁት የተጠጋጉ መሰሉ፡፡ ነገር ግን ማንንም የማይጎዳ፣ እንዲያውም ሰውን ከሞት የሚያድን ውሸት ነው፡፡ ካሜራ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ይዋሽ! መዋሸት የሌለበት አሠሪው ነው፡፡ የእንግሊዝ ጣቢያዎች በዚያው ግንቦት የጋራ የቀረጻ መመሪያ አውጥተው ለሕዝብ ይፋ አደረጉ፡፡ ይህ ማለት መብራት ያዢውም፣ ፀጉር ሠሪዋም ጽሑፉን ይዘው «የተባለው ርቀት የታለ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ ማለት ነው፡፡ በአለቃ ቸርነት መኖርና በተጻፈ ደንብ መኖር ለየቅል ናቸው፡፡

እንከን አልነበረም እያልኩ አይደለም፡፡ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በቴሌቪዥን ሥራ በአጭር ኮንትራት የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች መንግሥት ለተቀጣሪም፣ ለግል ሠራተኛም ካዘጋጀው ድጎማ ሁለቱንም ሳያገኙ መሃል ሜዳ ላይ ቀርተዋል፡፡ ስማቸው በድራማው መጨረሻ በሩጫ ያልፋል፤ ሲርባቸውም በሩጫ ታለፉ፡፡ ተዋናዩ ከበሽታ ሲጠበቅ ካሜራ ተሸካሚው በረሃብ ከተጠቃ፣ ጥበቃው ግማሽ ነው፡፡

እኛስ? ወረርሽኝ ዳግም አይመጣም ብሎ የሚምል ካለ እጁን ያውጣ! ድራማ የሚሠሩ ወገኖቻችን ከወዲሁ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሥራ ሲቆም የቀን ሠራተኛውን ማን ያበላዋል? ሥራ ሲጀመር «አልገባም፣ ያሰጋኛል» ያለ ሰው እንጀራውን ያጣል ወይስ አያጣም? አንጋፋው ተዋናይ ቤቱ ሲቀመጥ ደመወዙም አብሮ ይቀመጣል ወይ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የሰለጠነ ካሜራ አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገርና የተነጋገሩትን መጻፍ ብቻ ይበቃል፡፡ ግን ጎርፉ ሳይመጣ ነው ቦዩ የሚቆፈረው!