የተመኙት ወንበር ለሌላ ሲሰጥ



ዛሬ የምናነጋግራችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ ለደረጃ ዕድገት ተወዳድራችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ስም ስላነበባችሁበት ቀን ነው። ከውጭ መጥቶ የተወዳደረ ሰው ባይመረጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አሸናፊውንም ዳግመኛ ላያየው ይችላል። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ግን በማግሥቱ ከአሸናፊው ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ የሠራውንም ጽሑፍ ለእርሱ አቅርቦ ያስፈርማል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። በሚጨመረው ደመወዝ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ታስቦበት እንደ ሆነማ ኀዘኑ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

በእንዲህ ያለው ቀን ልቡና አስቀድሞ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። «ዘመድ አለው፤ ደጅ ጠንቶ ነው» ማለት ይቀናል። አድልዎ የለም አንልም። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ማስረጃውን ይዞ፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ ያመልክት፤ ይህ መብቱ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። በሻይ ሰዓት የሚንሾካሾኩት ግን ሌላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ረፋድ ላይ የተነገረው ቃል ከምሳ በፊት ከባለቤቱ ጆሮ ይደርሳል።

አልበርት አይንስታይንን የማያውቅ የለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። በ1900 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዙሪክ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ለብዙ ፕሮፌሰሮች የረዳትነት ሥራ እንዲሰጡት ቢጽፍም አልተሳካለትም። በ1902 በበርን ከተማ በስዊስ መንግሥት የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት በሦስተኛ ደረጃ ባለሙያነት ተቀጠረ። በ1904 ቋሚ ሠራተኛ ሲሆን ደመወዙም ተሻሻለ፤ ደረጃው ግን አላደገም። አለቃው የሰጠው ምክንያት፣ የፊዚክስ ሰው ስለ ሆነ የመኪና ምሕንድስናን እስኪያውቅ ይቈይ የሚል ነበር። ምክንያቱ እውነት ነበር። በዚያው ዓመት ወዳጁ ሚኬሌ ቤሶ፣ መሐንዲስ ነውና፣ በሁለተኛ ደረጃ ተቀጥሮ ከእርሱ በላይ ሆነ። አይንስታይን ግን ቤሶን እንደ ነጣቂ አላየውም፤ ሁለቱ ስለ ሳይንስ መወያየታቸውን ቀጠሉ። በ1905 ስሙን ያስጠራው የሬላቲቪቲ ጽሑፍ በወጣ ጊዜ፣ በመጨረሻው ላይ ስሙን ጠርቶ ያመሰገነው ይህንኑ ወዳጁንና የሥራ ባልደረባውን ነው። የሁለተኛው ደረጃ በ1906 ደረሰው። አይንስታይን መሆን ለሁላችን አይሰጥም፤ ቤሶን ማመስገን ግን የሊቅነት ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ስሙ በተለጠፈበት በዚያው ቀን ለተመረጠው ሰው «እንኳን ደስ ያለዎ» በሉት። አጭር ይሁን፤ የሌለ ደስታ ማብዛትም ሐሰት ነው። ሁለት ሦስት ቀን አሳልፋችሁ፣ ቍጣው ሲበርድ፣ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ሂዱና በምን እንዳነሳችሁ ጠይቁ፤ በፈተናው ነው፣ በሥራ አፈጻጸም ውጤት ነው፣ ወይስ ከማኅደራችሁ ባልተያያዘ የትምህርት ማስረጃ? ይህ የመጨረሻው ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው። ስትጠይቁ ለመከራከር ሳይሆን ለመጻፍ እርሳስ ያዙ። በተጠባባቂነት ተይዛችሁ እንደ ሆነም እስከ መቼ እንደሚጸና ጠይቁ። ለቤተ ሰብ ደግሞ በዚያው ምሽት ራሳችሁ ንገሩ፤ ሚስት የባልዋን፣ ባልም የሚስቱን ነገር ከጎረቤት መስማት የለባቸውም።

በመራጭ ኮሚቴ የምትቀመጡም ከአድማጮቻችን መካከል እንዳላችሁ እናውቃለን። ላልተመረጠው ሰው ምክንያቱን የሚገልጽ የሦስት መሥመር ደብዳቤ ለመጻፍ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅባችሁም፤ ደብዳቤውም ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ቢደርሰው መልካም ነው።