እኩል ነው ወይስ እኩል ይመስላል?
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ሁለት የሒሳብ መግለጫዎች እኩል ናቸው የሚባሉት መቼ ነው? ጥያቄው ለተማሪ እንኳ ቀላል ይመስላል። ለኮምፒዩተር ሲቀርብ ግን ቅለቱ ይጠፋል።

ሲምፓይ በተባለው የአልጀብራ ፕሮግራም የ«ሀ + 1» ካሬ ከ«ሀ ካሬ + 2ሀ + 1» ጋር በእኩልነት ምልክት ቢነጻጸር መልሱ «ሐሰት» ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀው አጻጻፋቸው አንድ መሆኑን እንጂ ዋጋቸው አንድ መሆኑን አይደለምና። ለእንዲህ ያሉት ቅንፉን ፈትቶ ማስተያየት ይበቃል።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የአንድ ጣሪያ ተሸካሚ የብረት መዋቅር ራሴ ባሰናዳሁት ፕሮግራም እመረምር ነበር። በስሌቱ መካከል ከ«5 + 2√6» ዳግም ዘር ላይ «√2 + √3» የተቀነሰበት አካፋይ መጣ። ፕሮግራሙ የሁለቱን መልክ አይቶ «ልዩነቱ ዜሮ አይደለም» አለና አካፈለ፤ መዋቅሩም ጽኑ ነው ሲል ፈረደ። የ«√2 + √3» ካሬ ግን በትክክል «5 + 2√6» ነው! በዜሮ አካፍለን ኖሯል። የብረቱ መዛነፍ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ባላይ ኖሮ ንድፉን እፈርምበት ነበር።

«በአሥርዮሽ አስልቶ ማየት ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት የሆነው ቁጥር በ«π√163» ከፍ ሲል 262537412640768743 ከሆነ በኋላ ከነጥቡ ቀጥሎ 12 ዘጠኞች ይደረደራሉ። በ25 አሃዝ ያሰላ ሰው ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ ይምላል፤ አይደለም። አሃዝ መለያየትን ሊያስረዳ ይችላል፤ እኩልነትን ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

ዳግም ዘሮች ብቻ ቢሆኑ እርግጠኛ መላ አላቸው። ዳንኤል ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳረጋገጠው ግን ሳይን፣ ኤክስፖኔንሻልና ፍጹም ዋጋ ከተለዋዋጭ፣ ከπና ከ2 ሎጋሪዝም ጋር ሲቀላቀሉ፣ መግለጫው ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለመሆኑን ለሁሉም የሚወስን ዘዴ ከቶ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም አስተካክለዋለሁ የሚል ሻጭ ቢመጣ አትመኑት።

ሲምፓይ «ይህ ዜሮ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ ከ«አዎ»ና ከ«አይደለም» ሌላ ሦስተኛ መልስ አለው፤ አልታወቀም ማለት ነው። እኔም ፕሮግራሜን በዚሁ መልክ አሻሽዬዋለሁ። ከማካፈሉ በፊት ይጠይቃል፤ ሦስተኛው መልስ ሲመጣ ይቆምና ወረቀትና እርሳስ አነሣለሁ። ያን ዕለት ግማሽ ገጽ ፈጀብኝ። ለጣሪያውም አንድ ሰያፍ ብረት ተጨመረለት።