ስለ መኪና ፍሬን ጥበቃና ስለ ጉድለቱ ምልክቶች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ነገር የነጂና የጋራዥ ሠራተኛ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መኪና የማይነዳ ሰውም በመኪና ይሳፈራል፤ ልጁንም ያሳፍራል። ፍሬንም አብዛኛውን ጊዜ ከመክዳቱ በፊት በእግር፥ በጆሮና በአፍንጫ የሚታወቅ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን አውቆ ዝም ማለት ግን ነፍስ ያስጠፋል።

አስቀድሜ አሠራሩን በአጭሩ ልናገር። ነጂው መርገጫውን ሲረግጥ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ይገፋል፤ ግፊቱም እስከ መንኰራኵሮቹ ደርሶ የፍሬኑን ሸራ ከሚሽከረከረው ብረት ጋራ ያጣብቀዋል። ብረቱ እንደ ሰሐን የሆነ እንደ ሆነ ዲስክ፥ እንደ ከበሮ የሆነ እንደ ሆነ ታምቡር ይባላል። መምህራን ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ቢወዱ፥ ያልተሠራባቸውን ሁለት ስሪንጆች ያለ መርፌ ወስደው፥ ውሃ ሞልተው በቀጭን ቱቦ ማገናኘት ይበቃቸዋል፤ አንዱን ሲገፉት ሌላው ይወጣል። በመካከሉ አየር ቢገባ ግን አየር ይጨመቃልና ግፊቱ ይላላል። ይህን ያየ ተማሪ፥ አየር የገባበት ፍሬን መርገጫው እንደ ስፖንጅ ለምን እንደሚለሰልስ ያለ ብዙ ቃል ያስተውላል።

ሸራው ከብረቱ ጋራ ሲፋተግ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በሜዳ አገር ይህ ሙቀት በነፋስ ይበርዳል፤ በረጅም ቁልቁለት ግን ሳይበርድ ይከማቻል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዐባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወርዳል። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ፥ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፥ የሚወጣው ሙቀት ከ250 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ በጥቂት ብረት ላይ ሲያርፍ ሸራው መያዝ ይሳነዋል፤ ዘይቱም ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃልና መርገጫው እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ደግሞ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የጐደለውን መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በየሁለት ዓመቱ ሁሉንም አፍስሶ መለወጥ ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ምትክ የሚጨምር ሰውም ታላቅ ስሕተት ይሠራል፤ በውስጡ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች አሳብጦ ያበላሻቸዋልና።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በዚሁ በዐባይ በረሃ ስወርድ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ መጣ። ሁላችን ሸተተን፤ ሁላችንም ነጂው ያውቃል ብለን ዝም አልን። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «ልጄ፥ አንድ ነገር ይቃጠላል፤ እባክህ አቁም» አሉት። ነጂው ጥቂት ቢቈጣም አቆመ። ከኋላው መንኰራኵር ጢስ ይወጣ ነበር። አንዱ ተሳፋሪ ውሃ ሊደፋበት ሲል ረዳቱ ከለከለው፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላልና። ከአንድ ሰዓት በላይ በጥላ ተቀምጠን ጠበቅን። ነጂውም በኋላ፥ «አባቴ፥ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። እኔ የተማርሁ ነኝ ባዩ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሽታው የሙቀት ምልክት ነው። በጆሮ የሚሰማውም አለ፤ ሲይዝ እንደ ፉጨት የሚጮኽ ፍሬን ብዙ ጊዜ ሸራው ማለቁን ይናገራል። እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ ግን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋራ ይፋተጋል ማለት ሊሆን ይችላልና ጉዞውን ማቆም ይገባል። መርገጫው ሲረገጥ መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚስብ እንደ ሆነ፥ በአንዱ መንኰራኵር ሸራ ላይ ዘይት ወይም ቅባት ፈሶበት፥ ወይም ያ ወገን መያዝ ትቶ ይሆናል። መርገጫው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ እኩል አለመሆኑን ያመለክታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ረግጠው ሲቆዩ ቀስ እያለ የሚሰምጥ መርገጫ ነው፤ ዘይት በአንድ ስፍራ ያመልጣል፥ ወይም ግፊቱን የሚሰጠው ዋናው ክፍል ተበላሽቷል።

ነጂ ማለዳ ሳይነሣ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ቢያይ፥ ከመንኰራኵሮቹ ውስጥ የረጠበ ነገር እንዳለ ቢመለከት፥ መርገጫውን ረግጦ ጥቂት ቢቆይ፥ ከዚያም በዝግታ ሄዶ ቢሞክረው፥ ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ወንዝ ከተሻገረም በኋላ የረጠበው ሸራ እስኪደርቅ ድረስ በቀስታ መርገጥ ይገባዋል። ታላላቅ መኪናዎች በታመቀ አየር የሚሠሩ ናቸውና፥ የእነዚህ ነጂ የግፊቱን መለኪያ ሳያይ ከቆመበት አይነሣም።

ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዝለት ማድረግ የነጂ ዋና ጥበብ ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ግን የመኪናውን ክብደት ሁሉ በሸራው ላይ ጥሎታል። ፍሬን ከከዳም መርገጫውን ደጋግሞ መምታት፥ ማርሹን በየደረጃው መቀነስ፥ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት መሳብ፥ ጡሩንባ እየነፋም ወደ ዳገት ወይም ወደ ተራራው ወገን መጠጋት ነው።

ያን ቀን ረዳቱ ከመንኰራኵሩ ሥር ሁለት ታላላቅ ድንጋዮች አስደግፎ ነበር። ልንነሣ ስንል ሁሉም ተሳፍሮ ሳለ ሽማግሌው አልገቡም፤ በዱላቸው ድንጋዮቹን አሳዩት። ተመልሶ ሁለቱንም አንሥቶ ከመንገዱ ውጭ ጣላቸው፤ ማታ የሚመጣ መኪና እንዳይመታቸው ነው። እሳቸውም ይህን አይተው ተሳፈሩ፤ ጉዞአችንን ቀጠልን።