የሬድዮው ቁጥርና የማሳችን ውርጭ

(በበጋ ወራት በደጋ አገር ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)

 ውቂያችሁን ትታችሁ ስለ መጣችሁ ብዙ አላስቀምጣችሁም።

የምንነጋገረው ስለ ውርጭ ነው። ስለ ውርጭማ እናንተ ለእኔ ብትነግሩኝ ይሻላል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ዙሪያ የኖረ ሰው የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ያውቀዋል። ጠዋት በሩን ሲከፍት ሣሩ አመዳይ ለብሶ፣ የገንዳው ውሃ ከላይ በረዶ ሠርቶ ያገኘዋል። እኔ የምነግራችሁ ሬድዮ ስለ ብርዱ የሚናገረውን ቁጥር እንዴት እንደምንሰማው ነው። ይህን ባለማወቄ አንድ ሰው ጎድቻለሁና።

አንድ ዓመት በኅዳር ወር የሳምንቱን የአየር ጠባይ ትንበያ በሬድዮ ሰማሁ። የሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል አለ። ውሃ በረዶ የሚሆነው በ0 ዲግሪ እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። 4 ደግሞ ከ0 በላይ ነው። ባቄላቸው ዘግይቶ ገና አበባና ለጋ እሸት የያዘባቸውን አንድ አባት፣ «አይዞዎት አባባ፣ ውርጭ የለም» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን በማለዳ መጥተው ጠሩኝ። ምንም ሳይናገሩ ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ባቄላው የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ጎመን ጠውልጓል። ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ጠቆረ። እሳቸውም ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ሬድዮህ የት ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው?» አሉኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ኋላ ግን ጠይቄ ተረዳሁ።

ቅዝቃዜና ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ ቴርሞሜትር ይባላል። በመለኪያ ጣቢያ ውስጥ፣ ነጭ ቀለም በተቀባ የእንጨት ሣጥን ይቀመጣል። የሣጥኑ ጎኖች ነፋስ ያሳልፋሉ፤ ፀሐይ ግን አያስገቡም። ሣጥኑ እግር ስላለው መሣሪያው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። የቆመ ሰው አንገት አካባቢ ማለት ነው። በሌሎች አገሮችም ደንቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአንዱ ቁና ከሌላው ቁና ካልተስተካከለ ገበያ አይቆምም፤ የብርድም መለኪያ እንዲሁ ነው።

ባቄላ ግን የሰው አንገት ላይ አይበቅልም። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ መሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከዚያ ሣጥን ውስጥ ካለው በ3፣ በ4፣ አንዳንዴም ከዚያ በበለጠ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሬድዮ 4 ሲል መሬት ላይ 0 ሊሆን ይችላል። ሬድዮው አልዋሸም። ያልገባኝ እኔ ነኝ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ ሙቀቱን መልሶ ይሰጣታል። ሰማዩ ከጠራ ግን ጋቢዋን ገፍፋ እንደተኛች ናት። ነፋስ ቢኖር ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋል። ነፋስ ከሌለ ብርዱ መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል። በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ አገር በኩል የሚመጣው አየር ደረቅ ነው። ደመናው ይጠፋል። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ድረስ ውርጭ የሚበረታብን ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። ጣቢያው ያለው ከተማ ውስጥ ወይም ከተማ አጠገብ ይሆናል። የእናንተ ማሳ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ብርድ አየር ከሙቅ አየር ይከብዳል። ስለዚህ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይጠራቀማል። ተረተሩ ላይ ያለው ገብስ ደኅና ሲያድር፣ ከሥሩ ረባዳው ላይ ያለው የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። ከማሳው ግርጌ የድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካለ ብርዱን እንደ ግድብ ያቁረዋል። እዚያ ላይ መውጫ ክፈቱለት። ከማሳው ራስጌ ያለ ካብ ግን የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሳልና አትንኩት። የአባቶቻችን ጎጆ ሜዳው መሐል ሳይሆን ተረተሩ ላይ መሆኑን ሳይ፣ ይህን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር ያውቁ ነበር እላለሁ።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሬድዮ ለሌሊቱ 5 ዲግሪ አለ እንበል። አመሻሽ ላይ ውጡና ሰማዩን እዩ። ጥርት ካለና ቅጠል የማያነቃንቅ ከሆነ 4 ቀንሱ፤ 1 ይቀራል። ማሳው ረባዳ ላይ ከሆነ ሌላ 2 ቀንሱ፤ ከ0 በታች ገባ። ደመና ካለ ወይም ነፋሱ ካልቆመ ብዙ አትቀንሱ። ይህ የግምት ሒሳብ ነው፤ እንደ ሚዛን አትዩት። ግን ከእኔ ከዚያን ጊዜው ሒሳብ ይሻላል።

በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ሥራ ራሱን የቻለ ድርጅት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የ10 ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያ ግን ትንቢት አይደለም። የነገው የበለጠ ይታመናል፤ የሳምንቱ መጨረሻ ያነሰ ይታመናል። ሰኞ የሰማችሁትን ይዛችሁ እስከ እሑድ አትቀመጡ። በየማታው ስሙ። «በአንዳንድ ቦታዎች» ሲል ደግሞ ያ ቦታ የእናንተ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

እሺ፣ ሰማን፤ ከዚያስ? የደረሰና የደረቀ እህል ውርጭ ብዙ አይጎዳውም። የሚጎዳው አበባ ላይ ያለው፣ ለጋው፣ ወተት የቋጠረው ነው። ለትልቅ የባቄላ ማሳ በአንድ ሌሊት የምናደርገው ብዙ የለም፤ አለ ብዬ አላታልላችሁም። ለመስኖ ድንችና ጎመን፣ ለችግኝ መደብ ግን አለ። ውርጭ በሚፈራበት ቀን መሬቱን ፀሐይ ሳለች አጠጡት። እርጥብ መሬት ከደረቅ መሬት ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊት ቀስ እያለ ይሰጣል። ችግኙን ከመምሸቱ በፊት ከላይ በቆመ የሣር ዳስ ሸፍኑት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡት። አዲስ የተወለደ ግልገል ቤት ይግባ።

ጭስ የሚያጨሱ አሉ። ጭስ እንደ ደመና ሙቀት አይዝም። ኩበቱን ለምጣድ ብታስቀምጡት ይሻላል፤ እናቶች እንደሚስማሙኝ አውቃለሁ።

ደመና ሲመጣ ውርጩ ይለቀናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አውድማው ያሳስበናል። ሬድዮ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊኖር ይችላል ካለ አዲስ ነዶ አትዘርጉ። የነዶውን ዛላ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ከምሩ፤ አናቱን በሣር ክደኑ። የተወቃውን በዚያው ቀን ወደ ጎተራ አግቡ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሁን ፊደልም ቁጥርም ታውቃላችሁ። አንድ ደብተር ለዚህ መድቡ። ማታ ማታ ቀኑን፣ ሬድዮ ያለውን ቁጥር፣ ሰማዩንና ነፋሱን ጻፉ። ጠዋት ደግሞ ማሳው ምን ሆኖ እንዳደረ ጻፉ። «ሰኞ፦ ሬድዮ 6፤ ሰማይ ጥርት፤ ነፋስ የለም፤ ረባዳው አመዳይ፤ ተረተሩ ደኅና።» ይኸው ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። ጥቂት ውሃ የያዘ ዝርግ ሳህን ረባዳው ላይ ብታሳድሩ በረዶ መሥራት አለመሥራቱን ያሳያችኋል። ሁለት በጋ ከጻፋችሁ ለእናንተ ማሳ ስንት እንደሚቀነስ እኔም፣ ሬድዮውም ሳንነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

እኚያ አባት ደብተር ይዘዋል። የምትጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «የእኔ ረባዳ 7 ይቀነስለታል» አሉኝ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ እኔ እዚሁ ነኝ። ሰማዩ ግን ጠርቷል፣ ነፋሱም ቆሟል። የሚሸፍነው ችግኝ ያለው ሰው ፀሐይ ሳትገባበት አሁኑኑ ይሂድ።